በገዛ ቤት መልእክት ስለ መቀበልና አደራውን ስለ መጠበቅ



ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተሰብስበን የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ ላይ ላዩን ለሚመለከተው፣ የጥቂት ባለሙያዎች ድርሻ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ነጋዴ ከደንበኛው፣ አንድ ማኅበር ከአባሎቹ፣ አንድ ትምህርት ቤት ከወላጆች ጋር የሚጻጻፈው ጽሑፍ ሁሉ በማን ቤት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚጠብቀውና ማን ሊያጠፋው እንደሚችል የሚወስን ስለ ሆነ፣ የሁላችንም ጉዳይ ነው። የምናገረውም አንድ አነስተኛ ድርጅት፣ ወይም ነገሩን የሚወድ አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ፣ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ማቆም ይችላል ወይ፣ ቢያቆምስ ምን ዓይነት ግዴታ ይወድቅበታል ስለሚለው ነው። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልግለጽ፦ ማቆሙ ከባድ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፣ የሚያስፈልገውም ኮምፒዩተር አነስተኛ ነው፤ ከባዱ ነገር፣ ሰርቨር የሚያቆም ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሌላ ሰው መልእክት በአደራ የሚረከብ መሆኑን ማወቁና ያንን አደራ በየቀኑ መወጣቱ ነው።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተሰቀሉትን የድርጅት ሰሌዳዎች አይቶ የሚያልፍ ሰው፣ ከድርጅቱ ስም ሥር የተጻፈው አድራሻ ብዙውን ጊዜ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። ይህን ለነቀፋ አላነሣሁትም፤ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ፣ በጥንቃቄም የሚጠበቅ ነውና። ነገር ግን አድራሻውን የከፈተው ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ይዞ ሥራ ቢለቅ፣ ወይም አድራሻው በአንድ ምክንያት ቢዘጋ፣ ድርጅቱ ለዓመታት የተጻጻፈው ደብዳቤ፣ ውሉ፣ የዋጋ ስምምነቱ፣ የደረሰኙ ቅጂ ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ ሰሌዳውም፣ የስም ካርዱም፣ በደንበኞች መዝገብ የተጻፈው አድራሻም በአንድ ቀን ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ሰርቨር ከማቆም በፊት የሚቀድመው ነገር የራስ ዶሜይን፣ ማለት በኢሜይል አድራሻ መጨረሻ የሚጻፈውን ስም፣ መያዝ ነው፤ ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም ከተመዘገበ ደብዳቤው ዛሬ በአንዱ ኩባንያ ሰርቨር፣ ነገ በራስ ሰርቨር ቢያድር አድራሻው አይለወጥም። ከዚህ ንግግር ሌላውን ሁሉ የሚረሳ ሰው ቢኖር እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ይዞ እንዲሄድ እለምናለሁ።

ታሪኩን ጥቂት ላውሳ፤ ዓመቶቹንም በአውሮጳውያን አቈጣጠር እጠራለሁ። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ በምትባል ከተማ፣ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ኮምፒዩተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው አርፓኔት በሚባለው መረብ በኩል መልእክት ሲልክ፣ የሰውየውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለይ ምልክት አስፈለገው፤ ያን ጊዜ የመረጠውም ዛሬ በአድራሻችን ሁሉ መካከል የምናየው «አት» ነው። በ1982 ጆን ፖስተል ኤስኤምቲፒ የሚባለውን የመልእክት ማስተላለፊያ ሥርዓት ጽፎ ባወጣ ጊዜ፣ በሥርዓቱ ውስጥ አንድም ዋና ፖስታ ቤት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲና እያንዳንዱ የምርምር ቤት የራሱን ሰርቨር ይዞ፣ ከሌላው ጋር እኩል ለእኩል ይጻጻፍ ነበር። በ1983 የፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስ፣ ማለት የዶሜይን ስሞችን ከኮምፒዩተሮቻቸው አድራሻ ጋር የሚያያይዘው መዝገብ፣ መጣ፤ በ1986ም በዚያው መዝገብ ውስጥ ኤምኤክስ የሚባለው፣ «ለዚህ ዶሜይን የሚላከውን መልእክት የሚቀበለው ይህ ሰርቨር ነው» ብሎ የሚያመለክተው መስመር ተጨመረ። እንግዲህ ዛሬ የሁሉም ሰው ደብዳቤ በጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች ሰርቨር መከማቸቱ በኋላ የመጣ ልማድ እንጂ የሥርዓቱ ባሕርይ አይደለም፤ የራሱን ሰርቨር የሚያቆም ትንሽ ቤት አዲስ ነገር አይፈጥርም፣ ቀድሞ የነበረውን መብት ይጠቀማል እንጂ።

የእኛም አገር አጀማመር ከዚህ የራቀ አይደለም። ኢንተርኔት በ1997 ለሕዝብ አገልግሎት ከመከፈቱ በፊት፣ በዚያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ፓዲስኔት የሚባል አገልግሎት ነበረ፤ የተጻፈውን ደብዳቤ እዚሁ በኮምፒዩተሩ ያጠራቅምና በተወሰነ ሰዓት በስልክ መስመር ከውጭ ጋር ተገናኝቶ ያለውን ይሰጣል፣ የመጣለትን ይቀበላል። መስመሩ ቀጭን ነበር፣ ክፍያውም ውድ፤ ቢሆንም ደብዳቤው እስኪሄድ ድረስ የሚያድረው አዲስ አበባ ነበር። ያን ጊዜ በዚህ ሥራ የደከሙትን ሰዎች ሳስብ አክብሮቴ ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ልግባ። ሁለት ሰርቨሮች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ቃል ሰው ሊያነበው በሚችል ግልጽ ፊደል የተጻፈ ነው። ላኪው በ25 ቍጥር ፖርት ሲመጣ ተቀባዩ በ220 ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ላኪው የራሱን ስም ይናገራል፤ ቀጥሎ መልእክቱ ከማን እንደ ተላከ፣ ከዚያም ለማን እንደ ሆነ ያስታውቃል፤ ተቀባዩም ለእያንዳንዱ ቃል 250 እያለ ይመልሳል፤ በቤቱ የሌለ ሰው ስም ቢጠራበት ግን 550 ብሎ እዚያው ይመልሰዋል። ላኪው «ዳታ» ሲል ተቀባዩ 354 ይላል፣ ይኸውም «እንግዲህ ጀምር፤ ስትጨርስ ብቻዋን በቆመች መስመር ላይ አንዲት ነጥብ አኑር» ማለቱ ነው። ደብዳቤው መስመር በመስመር ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ያች ነጥብ ትመጣለች። ከነጥቧ በኋላ ተቀባዩ አንድ ጊዜ ደግሞ 250 ብሎ ቢመልስ፣ ላኪው የራሱን ቅጂ ከወረፋው ሊሰርዝ ይችላል፤ ምክንያቱም ኀላፊነቱ በዚያች ቅጽበት ከእጁ ወጥቶ ወደ ተቀባዩ አልፏል። በ2008 ታድሶ የወጣው የኤስኤምቲፒ ሥርዓት በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው፦ 250 ብሎ የተቀበለ ሰርቨር መልእክቱን ለባለቤቱ ማድረስ፣ ማድረስ ካልቻለም ለላኪው ማስታወቅ አለበት፤ ኮምፒዩተሩ በኋላ ስለ ወደቀ፣ ወይም አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የቦታ እጥረት ስለ ደረሰበት መልእክቱን ሊያጠፋ አይፈቀድለትም።

«አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው» የሚለውን ቃል እንድታስተውሉት እወዳለሁ። በእኛ ከተማ መብራት መጥፋቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ነገር አይደለም፤ እንግዲያውስ ሰርቨሩን የሚያቆም ሰው መብራት ሲጠፋ «ድንገት ደረሰብኝ» ሊል አይችልም። ደግነቱ፣ ይህን ሥርዓት ያቆሙት ሰዎች ኮምፒዩተር የሚወድቅበት፣ መስመር የሚቈረጥበት ዘመን ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ትዕግሥትን በሥርዓቱ ውስጥ አኑረዋል፦ ተቀባዩ ጠፍቶ ያገኘው ላኪ ደብዳቤውን በወረፋው አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሥርዓቱም ከ4 እስከ 5 ቀን ያህል ተስፋ እንዳይቈርጥ ይመክረዋል። ስለዚህ ቢሮው ከቅዳሜ እስከ ሰኞ መብራት አጥቶ ቢያድር፣ ከሐምቡርግ የተጻፈ ደብዳቤ ሰኞ መብራቱ ሲመጣ ይደርሳል፤ የሚዘገይ እንጂ የሚጠፋ ደብዳቤ የለም። አንዳንድ ባለሙያዎች ለጥንቃቄ ሁለተኛ ተቀባይ ሰርቨር ማቆምን ይመክራሉ፤ እኔ ለትንሽ ቤት አልመክርም፣ ሁለተኛው ሰርቨር ጥበቃው ስለሚላላ ስፓም ላኪዎች ቀድመው የሚመጡት በእርሱ በኩል ነውና።

ከተቀበለ በኋላ ያለው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ ደብዳቤው በዲስክ ላይ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋስ? ዳንኤል በርንስታይን በ1990ዎቹ አጋማሽ ኪውሜይል ለተባለው ሶፍትዌሩ ያዘጋጀው፣ ዛሬም በብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ሜይልዲር የሚባል አቀማመጥ ይህን ጥያቄ በሚያስደንቅ ቅለት ይመልሰዋል። እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው አንድ ፋይል ነው፤ ለእያንዳንዱም ሰው ሦስት ማኅደር ይዘጋጅለታል፤ አዲስ ደብዳቤ በመጀመሪያ በጊዜያዊው ማኅደር ይጻፋል፣ ተጽፎ ካለቀና በዲስኩ ላይ መስፈሩ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ አዲሶች ማኅደር ይዛወራል፣ ባለቤቱ ካየው በኋላም ወደ ሦስተኛው ያልፋል። መብራቱ በመካከል ቢጠፋ የሚቀረው ግማሹ የተጻፈ ፋይል በጊዜያዊው ማኅደር ውስጥ ነው፤ 250 ገና አልተባለምና ላኪው ቅጂውን እንደ ያዘ ነው፤ ደብዳቤውም እንደ ገና ይመጣል። ይህ ሁሉ ግን ዲስኩ «ጻፍሁ» ሲል በእርግጥ ጽፎ ከሆነ ነው፤ ስለዚህ ዩፒኤስ፣ ማለት መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ መግዛት ለሰርቨሩ ቤት ቅንጦት አይደለም፤ የመጀመሪያው ወጪ ሊሆን ይገባዋል፣ መብራት ሲጠፋም ኮምፒዩተሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ከእርሱ ጋር መገናኘት አለበት።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መቀበል ነው፤ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ሰውም ተስፋ የሚቈርጠው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ስፓም፣ ማለት ያልተጠየቀ የጅምላ መልእክት ነው፤ ይህም የድሮ በሽታ ነው፤ በ1978 ጋሪ ተርክ የተባለ የኮምፒዩተር ሻጭ 400 ለሚያህሉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ማስታወቂያ በላከ ጊዜ የተሰማው ቍጣ ገና ምልክቱ ነበር። ዛሬ ታላላቆቹ ተቀባዮች የማያውቁትን ላኪ በጥርጣሬ ነው የሚመለከቱት። ከመኖሪያ ቤት የኢንተርኔት መስመር የሚመጣ መልእክት፣ አይፒ አድራሻው፣ ማለት በመረቡ ላይ የሚታወቅበት ቍጥር፣ ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሳይነበብ ይመለሳል፤ በ1998 የተመሠረተው ስፓምሃውስ እንዲህ ያሉትን የቤት መስመሮች የሚዘረዝር መዝገብ አለው፣ ብዙ ሰርቨሮችም ያንን መዝገብ ጠይቀው ነው የሚወስኑት። ቋሚ አይፒ ቢገኝም፣ ከአይፒው ወደ ሰርቨሩ ስም የሚመልሰው የተገላቢጦሽ መዝገብ መጻፍ አለበት፤ ይህንም የሚጽፈው የአይፒው ባለቤት፣ ማለት የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው እንጂ የዶሜይኑ ባለቤት አይደለም። ከዚህም ሌላ በ25 ፖርት ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ የሚዘጉ አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ናቸው፤ ሰርቨር ከሚያከራዩት ታላላቆች መካከል ጉግል ክላውድ እንኳ ይዘጋዋል።

ስለዚህ ለአገራችን ትንሽ ድርጅት የምመክረው እንዲህ ነው፦ መቀበሉንና ማስቀመጡን በራሱ ሰርቨር ያድርግ፤ ወደ ውጭ የሚልከውን ግን ስሙ በታወቀ የሪሌይ አገልግሎት፣ ማለት የሌሎችን ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ መድረሻው በሚያስተላልፍ ሰርቨር፣ በኩል ያሳልፍ። ፍጹም ነጻነት የሚሹ ወዳጆቼ ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ እኔ አልስማማም። የድርጅቱ ቤተ መዛግብት በእጁ ከሆነ፣ ዶሜይኑም የእርሱ ከሆነ፣ የሚወጣውን ደብዳቤ የሚያደርሰው አገልግሎት በማናቸውም ቀን ሊለወጥ የሚችል ነው።

ስለ ማስመሰል ደግሞ ዘርዘር አድርጌ መናገር አለብኝ፣ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነውና። በፖስታ ቤት የሚላክ ደብዳቤ በፖስታው ላይ የተጻፈው የላኪ ስምና በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ የሰፈረው ስም የተለያዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሁሉ፣ ኢሜይልም ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት የላኪ ስም ሌላ፣ አንባቢው በስክሪኑ የሚያየው ስም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የ1982ቱም ሥርዓት ሁለቱ እውነተኛ መሆናቸውን የሚመረምርበት መንገድ አልነበረውም። አንድ ቡና ላኪ ድርጅት እናስብ። ገዢው ሐምቡርግ ነው፤ ውሉ ተፈርሟል፣ ቡናው ጅቡቲ ደርሷል፤ በዚህ መካከል አንድ አጭበርባሪ በድርጅቱ ስም፣ በድርጅቱ ዶሜይን፣ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧልና ክፍያውን በዚህ ላኩ» ብሎ ይጽፋል። ገዢው የሚያምነው ስሙን አይቶ ነው፤ ክፍያው ወደማይታወቅ አገር ይሄዳል፤ ቡና ላኪው ደግሞ ጥፋቱ የእርሱ ላይሆን ይችላል፣ ነገር ግን ቡናውም ገንዘቡም ከእጁ ወጥቷል።

ለዚህ የተበጁት መድኃኒቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በዲኤንኤስ መዝገብ ይጻፋሉ። ኤስፒኤፍ፣ በዚህ ዶሜይን ስም ሊልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነማን እንደ ሆኑ ይዘረዝራል፤ ሪሌይ የሚጠቀም ድርጅት የሪሌዩን አድራሻ በዚህ ዝርዝር ማግባቱን አይርሳ። ዲኪም፣ በሰርቨሩ ዘንድ ብቻ በተሰወረ ቍልፍ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ያኖራል፤ የማኅተሙ መመርመሪያ ቍልፍ ግን በአደባባይ ስለሚቀመጥ፣ ደብዳቤው በመንገድ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥበት ይታወቃል። ዲማርክ፣ በ2012 ለሕዝብ የወጣው፣ ከሁለቱ ጋር ተያይዞ አንባቢው የሚያየው ስም ከተመሰከረለት ስም ጋር መግጠሙን ያስመረምራል፤ ሳይገጥም የቀረውን ተቀባዩ ምን እንዲያደርገው ባለ ዶሜይኑ ያዝዛል፦ ዝም ብሎ ይለፈው፣ ወደ ስፓም ይጣለው፣ ወይም ፈጽሞ ይመልሰው። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ለሚልኩለት፣ ያሁም በብዛት ለሚልኩለት ላኪዎች ሦስቱንም ግዴታ አድርገዋል፤ ነገር ግን በቀን ሃያ ደብዳቤ ለሚጽፈው ቡና ላኪ ከእነርሱ ይልቅ ሦስቱ ያስፈልጉታል እላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዲማርኩን በልል ትእዛዝ አቁሞ፣ ከተቀባዮች የሚመጣለትን ዘገባ አንብቦ፣ በስሙ የሚልከው ማን ማን እንደ ሆነ ካወቀ በኋላ ወደ ጥብቁ ይለፍ።

ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አልናገርም። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት በተጫነበት፣ 2 ጊጋባይት ያህል ሜሞሪ ባለው ኮምፒዩተር ላይ፣ ለመቀበልና ለመላክ ፖስትፊክስ፣ ሠራተኞች በስልካቸውና በኮምፒዩተራቸው እንዲያነቡ ዶቭኮት፣ ስፓም ለማጣራት አርስፓምዲ ይበቃሉ። ፖስትፊክስን እመርጣለሁ፣ ምክንያትም አለኝ፦ በኅዳር 1988 የሞሪስ ዎርም የተባለው ፕሮግራም ኢንተርኔትን ባወከ ጊዜ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ሴንድሜይል የሚባለው የጊዜው ዋና የመልእክት ሶፍትዌር ነበር፤ ቪትሴ ቬኔማ በ1998 ፖስትፊክስን ሲያወጣ ሥራውን ለብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ሥልጣን ብቻ ስለ ሰጠ፣ አንዱ ቢደፈር ሌላው አብሮ አይወድቅም። ሰርቨሩ የሚገናኝበትን መስመር ለመመስጠር የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው አገልግሎት በነጻ ይገኛል፤ በ90 ቀን ስለሚያልፍበት ግን እድሳቱ በራሱ እንዲሠራ ይደረግ፣ መሥራቱም ይታይ። ሠራተኞች የሚልኩበት 587 ወይም 465 ፖርት ያለ ይለፍ ቃል ማንንም አያስተናግድ፤ ሰርቨሩም ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ ወደ ሌላ የሚያስተላልፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ስፓም ላኪዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያገኙታል፣ የድርጅቱም ስም በየመዝገቡ ይጠቁራል።

ስለ ፊደላችን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ኢሜይል ሲጀመር በ7 ቢት የሚጻፍ የላቲን ፊደል ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን ሥርዓት ባወጡ ጊዜ መንገዱ ለሌላው ፊደል ተከፈተ፣ ነገር ግን ግእዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ወገኖቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል ይጻጻፉ ነበር፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የሚባለውን የአጻጻፍ ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚሁ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 በ3 ባይት ይጻፋል፣ ደብዳቤውም ሳይበላሽ ይደርሳል። ከ2012 ወዲህ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር ተፈቅዷል፦ ከ«አት» በፊት ያለው የሰው ስም ራሱ በግእዝ ፊደል ሊጻፍ ይችላል፣ ፖስትፊክስም ከ2015 ጀምሮ ይህን ይቀበላል። ሁሉም ሰርቨር ገና ስላልተቀበለው ብቸኛ አድራሻ አድርጎ መያዝ አይገባም፤ በላቲን ከተጻፈው አድራሻ ጎን ማቆም ግን ይቻላል፣ የራሱ ሰርቨር ያለው ሰው ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ከእኛ መካከል አንዳንዶች ቢጀምሩት ምንኛ ደስ ባለኝ!

የቀረው ስለ ጠባቂው ነው። ሰርቨሩን የሚያቆመው ባለሙያ ብዙ ጊዜ አንድ ወጣት ነው፤ ትጉህ ነው፣ ነገር ግን ነገ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሊሄድ ይችላል፣ ይህም መብቱ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ በመጀመሪያው ቀን የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። ዶሜይኑ በባለሙያው ስም ወይም በግል ኢሜይሉ እንዳይመዘገብ፣ በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ይመዝገብ፤ የዶሜይኑ እድሳት የሚከፈልበት ቀን በሒሳብ ክፍሉ የቀን መቍጠሪያ ይጻፍ፣ ዶሜይኑ ያለፈበት ድርጅት ሰርቨሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ደብዳቤ መቀበል ያቆማልና። የዋናው የይለፍ ቃልና የዲኪሙ ቍልፍ ቅጂ በታሸገ ፖስታ በድርጅቱ ካዝና ይቀመጥ። የደብዳቤው ሁሉ ቅጂ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ከቢሮው ውጭ ወዳለ ስፍራ ይሂድ፤ በየሩብ ዓመቱም ከዚያ ቅጂ አንድ የድሮ ደብዳቤ ተመርጦ፣ ባዶ በሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ ይከፈት፣ የከፈተውም ሰው ሰርቨሩን ካቆመው ባለሙያ ሌላ ይሁን።